ፍርድ ያላገኘው ክስ

ከሮማ ዋና የባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ሲወጡ ፊት ለፊት የሚገኘው ሰፊ ሜዳ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፥ ማለትም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። በዚህች ከተማ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ አውቶቡስ የሚጠብቅበት፥ ከአገሩ ሰው ጋር የሚቀጣጠርበት፥ ማደሪያ ያጣው ስደተኛም ካርቶን አንጥፎ ያደረበት ቦታ ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ፈንጠር ብሎም ከግብፅ የተወሰደ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ለእነርሱ መታሰቢያነት ቆሟል። ሊወር ሄዶ በሰው አገር የሞተ ወታደር በዋና ከተማው እምብርት አደባባይ ተሰይሞለታል፤ በገዛ ቤቱ ደጃፍ በአካፋና በቤንዚን ያለቀውን የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን በዚሁ ከተማ በስም የሚያነሣው ብርቅ ነው።

እኛ በዚህች ከተማ በስደት የምንማር ኢትዮጵያውያን ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የየካቲት 12ን ታሪክ እንደ ገና ለመተረክ ብቻ አይደለም። አንባቢ ታሪኩን ከአያቶቹ ሰምቶታል፤ በየዓመቱም በስድስት ኪሎ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ አይቷል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ይህን ያህል ሕዝብ ካለቀ በኋላ፥ ገዳዮቹ በስም እየታወቁ፥ ትእዛዙም በጽሑፍ እያለ፥ ከተከሰሱት ሹማምንት አንዱ እንኳ በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ለሠራው ወንጀል ችሎት ፊት ሳይቆም እንዴት ቀረ?

ነገሩን ባጭሩ እናስታውስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት የፋሽስቱ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ መውለዱን ምክንያት አድርጎ፥ በገነተ ልዑል ግቢ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ የከተማውን ድኻ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የወረወሯቸው የእጅ ቦምቦች ግራዚያኒን ክፉኛ አቆሰሉት። ስምዖን አደፍርስ ሁለቱን በመኪና አሸሻቸው፤ እርሱ ግን ተይዞ በሥቃይ ሞተ። በግቢው ውስጥ የነበረው ምጽዋት ፈላጊ ወዲያው በመትረየስ ተረፈረፈ። ከዚያም የፋሽስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ጸሐፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ለሦስት ቀን እጃቸውን ፈታላቸው። የሣር ክዳን ቤቶች ሰው በውስጣቸው እንዳለ በቤንዚን ነደዱ፤ መንገደኛው በዱላ፥ በአካፋ፥ በጩቤ ተገደለ። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ ወታደሮች አልነበሩም፤ ሠራተኞች፥ ሾፌሮች፥ የቢሮ ጸሐፊዎች ነበሩ። ይህን ነጥብ በተለይ እናሰምርበታለን፤ ምክንያቱም «ኢጣልያዊ ደግ ሕዝብ ነው» የሚለው፥ በዚህ አገር ትምህርት ቤትና ሲኒማ የተስፋፋው ተረት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሟቾቹ ቁጥር ክርክር አለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነጻነት በኋላ ያቀረበው 30,000 የሚል ነው። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መጽሐፍ ወደ 19,000 ያደርሰዋል። የፋሽስቱ መንግሥት ግን ከዚህ እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ነበር የሚናገረው። በእኛ አስተያየት በቁጥሩ ላይ መከራከር ተገቢ ነው፤ በቁጥሩ ክርክር ሰበብ የድርጊቱን ስም ከመጥራት መሸሽ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ከሦስቱ ቀናት ቀጥሎ የመጣው ነው። በከተማው ቁጣ የሰከረ መንጋ የሠራውን፥ መንግሥት በቀዝቃዛ ልብ፥ በስም ዝርዝር ቀጠለበት። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች እየተለቀሙ ተረሸኑ። በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ያገለግሉ የነበሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፥ ዮሴፍና ቢንያም፥ ከነዚህ መካከል ናቸው። አዝማሪውና ጠንቋዩ እንኳ አልቀረም፤ የፋሽስትን መጨረሻ ይተነብያሉ፥ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ተብለው ተገደሉ። የተረፉት ወደ ደናኔና ወደ ኖኩራ፥ ባላባቶቹና ቤተ ሰቦቻቸውም ወደ ኢጣልያ ደሴቶችና መንደሮች ተጋዙ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ሚኒስቴር ስታቋቁም፥ ትምህርት ቤት ስትከፍት፥ ፍርድ ቤት ስታደራጅ የተማረ ሰው ስታጣ፥ እጦቱ የድህነት ውጤት ብቻ አልነበረም። አንድ ትውልድ ታስቦበት ተቆርጧል።

በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ ተራ ደረሰ። ጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ በግራዚያኒ ትእዛዝ ገዳሙን ከበበ። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የሚከበርበት ስለ ነበር ከየአገሩ የመጣ ተሳላሚ ሞልቶ ነበር። ግንቦት 13 ቀን መነኮሳቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ በተባለ ገደል አፋፍ ተረሸኑ፤ ዲያቆናቱ ጥቂት ቀናት ቆይተው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተከተሏቸው። ግራዚያኒ ለሮማ ያስተላለፈው ድምር 449 ነው። ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ በየመንደሩ ዞረው የዓይን ምስክሮችን ጠይቀው የደረሱበት ቁጥር ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ይገመታል። ማሌቲ እ.ኤ.አ. በ1940 በግብፅ በረሃ በጦር ሜዳ ሞተ፤ ከፍርድ ያመለጠው እንግዲህ በሞት ነው። ሌሎቹ ያመለጡት በዲፕሎማሲ ነው።

የዲፕሎማሲው ታሪክ ሰፋ ተደርጎ ሊነገር ይገባል፤ አብዛኛው አንባቢ የማያውቀው ይህን ነውና። ኢትዮጵያ ክሷን አላስተጓጎለችም። እ.ኤ.አ. በ1945 ለአጋር መንግሥታት ባቀረበችው መግለጫ በወረራውና በአምስቱ ዓመት ያለቀውን ሕዝብ 760,300 ብላ ዘረዘረች፦ በጦር ሜዳ 275,000፥ በአርበኝነት 78,500፥ በአውሮፕላን ቦምብ 17,800፥ በየካቲቱ ጭፍጨፋ 30,000፥ በእስር ሰፈሮች 35,000፥ በአስቸኳይ ችሎት 24,000፥ መንደር በመቃጠሉና ከብት በመዘረፉ በረኀብና በስደት 300,000። የኋላ ተመራማሪዎች አንዳንዱን ቁጥር ይጠራጠራሉ። ሆኖም ዝርዝሩን ልብ ብሎ የሚያነብ ሰው ትልቁ ቁጥር ከጥይት ያልመጣ መሆኑን ያስተውላል።

እ.ኤ.አ. በ1943 በለንደን የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ኢትዮጵያን በአባልነት አላስገባትም። እንግሊዝ ያቀረበችው ምክንያት ጦርነቱ የተጀመረው በ1939 ነው የሚል ነበር። በማይጨው፥ በተምቤን፥ በአሸንጌ የወረደው መርዝ «ከጦርነቱ በፊት» ስለ ሆነ የጦር ወንጀል አይደለም ማለት ነው! ኢጣልያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1936 በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ ተናግረዋል። የለንደን ሕግ ዐዋቂዎች የዓመት መቍጠሪያውን ከአውሮፓ ቀብር ጀመሩት።

የካቲት 1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ይህን ማምለጫ ዘግቶት ነበር። አንቀጽ 38 ለኢትዮጵያ ጉዳይ ውሉ የሚቈጠረው ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እንዲሆን ደነገገ፤ አንቀጽ 45 ኢጣልያ በጦር ወንጀል የተጠረጠሩትን አሳልፋ እንድትሰጥ፥ አንቀጽ 37 ደግሞ የዘረፈችውን የታሪክና የሃይማኖት ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አስገደዳት። (በዚህ አንቀጽ የተጠቀሱት ወራት ሁሉ የአውሮፓ ናቸው።) ኢትዮጵያም ኮሚሲዮኑ ሊዘጋ ሲል በመጋቢት 1948 አሥር ስሞች አቀረበች። ባዶሊዮ፥ ግራዚያኒ፥ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ሌሶና፥ ኮርቴዜ፥ ጄኔራሎቹ ናዚ፥ ፒርዚዮ ቢሮሊ፥ ጄሎዞ፥ ጋሊናና ትራኪያ ነበሩ። አሥረኛው ኤንሪኮ ቼሩሊ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ በጻፋቸው መጻሕፍት እኛም በየቤተ መጻሕፍቱ የምንገናኘው፥ በግዛቱ ዘመን ከፍተኛ ሹም የነበረው ሊቅ። ማስረጃው በአመዛኙ የግራዚያኒ የራሱ ቴሌግራም ነበር። ኮሚሲዮኑ ክሱ መሠረት እንዳለው ተቀበለ፤ ተቀብሎም በዚያው ወር ተበተነ።

ከዚህ በኋላ ያለው አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኢትዮጵያ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ብቻ እንኳ ይሰጡኝ ብላ ለእንግሊዝ አመለከተች፤ መልሱ አይሆንም ነበር። ባዶሊዮ ሙሶሊኒ ሲወድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከአጋሮቹ ጋር የጦር ማቆም ውል የተቀበለ «ወዳጅ» ነው። ኢጣልያም በዚያው ዓመት የሰሜን አትላንቲክ ጦር ቃል ኪዳን አባል ሆናለች፤ የኮሙኒስት ፓርቲዋ ኃይል የሚያስፈራቸው መንግሥታት የድሮ ጄኔራሎቿን አፍሪካዊ ዳኛ ፊት ሊያቆሙ አልወደዱም። ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1956 በቤቱ ሞተ፤ የትውልድ መንደሩ ዛሬም ግራዛኖ ባዶሊዮ ይባላል። ግራዚያኒን የሮማ ወታደራዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የ19 ዓመት እስራት ፈረደበት፤ ነገር ግን ክሱ ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ እንጂ አዲስ አበባ ወይም ደብረ ሊባኖስ አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ፤ ለአዲሱ ፋሽስት ፓርቲም የክብር ፕሬዚዳንት ሆነ።

የእኛም መንግሥት ከወቀሳ አያመልጥም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ለክፉ ክፉ አትመልሱ ብለው ማዘዛቸው ታላቅ ተግባር ነበር፤ ብዙ የኢጣልያ ሲቪል ሕዝብ በዚያ ቃል ነፍሱ ተረፈች። ይሁንና ምሕረቱ ቀስ በቀስ ወደ ዝምታ ተለወጠ። የኤርትራ ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ፊት በነበረበት ጊዜ የኢጣልያንና የወዳጆቿን ድምፅ ላለማጣት ክሱ ወደ ኋላ ተገፋ። በ1950 የፌዴሬሽኑ ውሳኔ ከጸደቀ በኋላ ከሮማ ጋር የነበረው ግንኙነት ታደሰ፤ በ1956ቱ ስምምነት የተገኘው የጦር ካሣም የቆቃ ግድብ ሆነ። መብራት ጥሩ ነው። ልጆቿ በላጋ ወልዴ የቀሩባት እናት ግን ማንም አላማከራትም። በዚያው ዘመን ባንዳው ሹመት ሲያገኝ አርበኛው ደጅ ጠናቂ ሆኖ ነበርና፥ በገዛ አገሩ ፍትሕ ያልሰጠ ቤተ መንግሥት በለንደን ፍትሕ ለመጠየቅ ጉልበት ማጣቱ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ የአርመኖችን ነገር ማንሣት ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን መንግሥት የተጨፈጨፈው ይህ ሕዝብ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ከዚያ እልቂት የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋል፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ነበር። እንግዲህ በየካቲት 12 ባዝራ የሆነችው ከተማ፥ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት የሌላ እልቂት ትራፊዎችን ያስጠጋች ከተማ ናት።

ሮማም በአርመኖች ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። የቀድሞው የኦቶማን ታላቅ ቬዚር ሳይድ ሃሊም ፓሻ በታኅሣሥ 1921 በዚህች ከተማ በአንድ አርመናዊ ጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት ጠላት ፓሻን በበርሊን የገደለው ሶጎሞን ቴህሊሪያን በፍርድ ቤት ነጻ ሲለቀቅ፥ ራፋኤል ሌምኪን የተባለ ወጣት ይህን ነገር ያሰላስል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 «ጄኖሳይድ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እርሱ ነው። ፍርድ ቤት ያጣ ሕዝብ ልጆች ሽጉጥ ማንሣታቸውን ልናወድስ አንሻም፤ የወንጀሉን ስም የፈጠረው ግን ጥይቱ ሳይሆን ጥያቄው ነው፦ አንድ ሰው አንድን ሰው ቢገድል ይከሰሳል፤ መንግሥት አንድን ሕዝብ ቢገድልስ? የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን የ1948ቱን ውል ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ በሐምሌ 1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። ባዶሊዮና ግራዚያኒን የተከለከለችው በዚያው ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

በእኛ ላይ የተፈጸመው በሕጉ አነጋገር ዘር ማጥፋት ነው ወይስ በሰብእና ላይ የተፈጸመ ወንጀል? ሕግ ዐዋቂዎች ይለያያሉ። እኛ ቃሉን ለማሸነፍ ብለን አንጓጓም፤ የተማረውን ትውልድና መነኮሳቱን እየለዩ ማጥፋት በየትኛውም ስም ለችሎት የሚበቃ ነው። ከአርመኖች የምንማረው ሌላ ነው። እነርሱ የሚከራከርላቸው ነጻ መንግሥት ባልነበራቸው ዘመን፥ በቤይሩት፥ በማርሴይ፥ በቦስተን ተበትነው፥ መታሰቢያውን በቤተ ክርስቲያን፥ በትምህርት ቤት፥ በጋዜጣ ያዙት። በሚያዝያ 1965 ኃምሳኛው ዓመት ሲደርስ በሶቪየት ሥርዓት ሥር የነበረችው ይሬቫን ጎዳናዎቿ በሰልፈኛ ተሞሉ፤ በዚያው ዓመት ኡራጓይ የመጀመሪያዋ እውቅና ሰጪ ሆነች። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይፋ እውቅና ለመስጠት እስከ ሚያዝያ 2021 ፈጀበት። እኛ ግን መንግሥት ስለ ነበረን ነገሩን ለመንግሥት ተውነው፤ መንግሥት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አያጣም።

የኢጣልያ ምክር ቤትም የአርመኖችን እልቂት በ2000 እና በ2019 በውሳኔ አውቆታል፤ የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ በሚያዝያ 2015 በቅዱስ ጴጥሮስ ቃሉን ጠርተውታል። ደግ አደረጉ እንላለን። የጎረቤትን ግፍ ማውገዝ ግን የራስን ግፍ ከማመን ይቀላል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ መርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ያውም አንጀሎ ዴል ቦካ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስድብ እየጠጣ ሰነዱን ካወጣው በኋላ። በዚያው በ1996፥ በ1935 ወረራውን በሚላኖ ካቴድራል ስብከቱ የደገፈው ካርዲናል ሹስተር ብፁዕ ተባለ። በ18 ወር ይመለሳል የተባለው የአክሱም ሐውልት ሮማን ለቆ የሄደው በ2005 ነው፤ ኢትዮጵያ የሠራችው «ፀሐይ» የተባለው አውሮፕላን ደግሞ በጥር 2024፥ ከውሉ 77 ዓመት በኋላ።

በነሐሴ 2012 ከሮማ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው አፊሌ መንደር ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተመረቀለት፤ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈውበታል። ከንቲባው በ2017 ፋሽዝምን በማወደስ ተፈረደበት፤ ጉዳዩ ግን በይግባኝ ወደ ላይ ቀጠለ። በዚህ ሐውልት ላይ ከሁሉ ቀድመው ከጮኹት መካከል በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያንና የኢጣልያ ፀረ ፋሽስቶች ነበሩ። በአዲስ አበባ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ለተቃውሞ የወጡ ወጣቶችን ግን የገዛ አገራቸው ፖሊስ ሰብስቦ አሰራቸው። ይህን ያደረገው መንግሥት ያለ ፈቃድ ተሰልፈዋል ከማለት የተሻለ ምክንያት አልነበረውም።

በሮማ ከተማ በጦሩ ድል የተሰየሙት ጎዳናዎች አሁንም አሉ። «ቪያ አምባ አራዳም» የራስ ሙሉጌታ ጦር በየካቲት 1928 ዓ.ም. በመድፍ፥ በአውሮፕላንና በመርዝ ያለቀበትን ተራራ ስም ይዟል። ከዚያው ስም የወጣው «አምባራዳን» የሚለው ቃል በኢጣልያንኛ ትርምስ፥ ውጥንቅጥ ማለት ሆኗል፤ እናት የልጇን ክፍል ዝርክርክነት ስትቆጣ የምትጠራው የእኛን ሙታን ነው፥ ምንም እንኳ ባታውቀው። የከተማው ምክር ቤት በጥቅምት 2022 የካቲት 12 (በእነርሱ ፌብሩዋሪ 19) የቅኝ ግዛት ሰለባዎች መታሰቢያ እንዲሆን የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። ይህን ያስገኘው የኤምባሲ ደብዳቤ አይደለም፤ ከቅኝ ግዛቶቹ የመጡ ሰዎች ልጆችና የኢጣልያ ተማሪዎች ለዓመታት በየጎዳናው ስም ሰሌዳ ሥር ቆመው ሲያስረዱ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ከኢጣልያ የምንጠይቀውን ለራሳችን አንተውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ከዓለም አቀፉ ውል ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቅ ነበር፤ በዚሁ ሕግ መሠረት ነው የቀይ ሽብር መሪዎች በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት። ዋናው ተከሳሽ በሌለበት ቢሆንም፥ በገዛ ቋንቋችን፥ በገዛ ዳኞቻችን የተሠራ ፍርድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገራችን የፈሰሰው ደም ግን በየወገኑ እየተቈጠረ፥ የአንዱ ሙት ለሌላው ፕሮፓጋንዳ እየተባለ ነው። የየካቲት 12 ገዳዮች ቤት ሲያቃጥሉ ዘር አልጠየቁም ነበር፤ እኛ ግን ሟቹን ለማልቀስ እንጠይቃለን።

የግራዚያኒ ወረቀቶች በኤኡር ሰፈር በሚገኘው የኢጣልያ ማዕከላዊ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ የአፍሪካ ሚኒስቴሩ መዝገብ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ዘመን የቅኝ ግዛት ሹሞች የነበሩ ሰዎች በተሰየሙበት ኮሚቴ እጅ ነበርና ተመራማሪ በቀላሉ አይደርስበትም ነበር፤ ዛሬ ይደረስበታል። ደናኔን ያዩ፥ በላጋ ወልዴ ተኩሱን የሰሙ አረጋውያን አልቀዋል። በዚህ ከተማ ኢጣልያንኛ የምናነብ ተማሪዎች አለን፤ ኤኡርም በሜትሮ ቢ መስመር ሩቅ አይደለም። ከየካቲት እስከ ግንቦት 1929 ዓ.ም. የተላለፉትን ቴሌግራሞች ተከፋፍለን እየገለበጥን፥ ወደ አማርኛ፥ ወደ ትግርኛና ወደ ኦሮምኛ እየመለስን በዚህ መጽሔት ለማውጣት የተስማማን ጥቂቶች ነን። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በፊት እንገናኛለን፤ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በተለይ ያስፈልገናል።